ከብቸና ሞጣ በሦስት አብረቅራቂ ቸርኬና በአንድ ደወል

እህቴ እናኑ የወለደችው በሐምሌ ዝናብ ነው። ወሬውን ያደረሰን የሞጣው አውቶብስ ሾፌር ነበር። በራችን ላይ ጥሩንባውን አስጮኸና በመስኮት ብቅ ብሎ «ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» ብሎን አለፈ። እናቴ ግቢው መሃል ዝናቡ ላይ ቆማ እልል አለች። እኛ ዘንድ ለሴት ልጅ ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። ጎረቤት ቤቱ ውስጥ እንዳለ ይቆጥርና ምን እንደተወለደ ያውቃል። እናቴ ግን ሰባት ዓመት የጠበቀችውን የልጅ ልጅ በሦስት እልልታ ልትወጣው አልቻለችም፤ ሰባት ሞላች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ወንድ ልጅ ሰጣችሁ» እያለ ሲመጣ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ «ሴት ናት፣ ሴት ናት» እያልኩ ማረም ሥራዬ ሆነ።

እናቴ በማግስቱ አራሷን ልትንከባከብ ሄደች። ሁለት ሳምንት ቆይታ የላከችው ደብዳቤ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እናኑ፣ የልጄ የክርስትና እናት እህቴ ናት ብላለች። ሰው ቢመክራትም አልሰማ አለች።» ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አራተኛውን ለበጎቹ አነበብኩላቸው። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም የምንም እናት ሆኜ አላውቅም።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀኑ ጥቅምት ውስጥ እሑድ ላይ ዋለ። መንገዱን ከመጀመሬ በፊት ግን የአባቴን መኪና ላስተዋውቃችሁ፤ ያለሱ ታሪኩ አይሄድም።

አባቴ ሙላት ሾፌር ነው። ያለችው አንዲት ፒክአፕ ናት። ጎማ የሚለብሰውን ክብ ነገር ሾፌሮች ቸርኬ ይሉታል። የኛ መኪና ቸርኬዎች ሁሉ የብረት ነበሩ፤ ቀለማቸው የለቀቀ፣ የዛጉ፣ ጠርዛቸው በድንጋይ የጎበጠ። እኔ ጉብጠቱን ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ይቺኛዋ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ፣ ያቺኛዋ አምበር ገበያ ስንሄድ፣ ሌላዋ ደግሞ አባቴ እናቴን ሐኪም ቤት ሲያጣድፋት። አባቴ በመዶሻ ያቃናቸውና ጉዞውን ይቀጥላል። ጎማ የሌለው አንድ አሮጌ ቸርኬም ግቢያችን ውስጥ ከግራሩ ሥር ተደግፎ ይኖራል። ልጅ ሆኜ ጨዋታ ላይ ስጠፋ፣ እናኑ ምሳ ሲደርስ በድንጋይ ሦስት ጊዜ ትመታው ነበር። ጥን፣ ጥን፣ ጥን። ከወንዙ ማዶ ብሆን እንኳ እሰማዋለሁ። እሷ ካገባች ወዲህ የመታው ሰው የለም። እኔም ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጠራኝ በሰዓቴ እገባለሁ፤ ደስ የማይል ጨዋነት ነው።

እናኑን የዳርናት ሞጣ ነው። ቅልቅል ዕለት የብቸና ሰው ሁሉ ተጭኖ ሄደ። እንደ ወጉ የሁለቱ ወገን ሴቶች በግጥም ተሸነቋቆጡ። የሞጣ ሴቶች የአባቴን መኪና ከበው እንዲህ አሉ፦

መኪናው መጣላችሁ፣ እያነከሰ፣
ቸርኬው ዝጎ ዝጎ፣ እያለቀሰ።

አባቴ እዚያ ከሰው ጋር ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ሳቁ አብሮት አልገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ሞጣን አልረገጠም። እናኑ በመጣች ቁጥር «ሥራ በዛብኝ» ይላታል። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የክርስትናው ጥሪ ሲመጣ ግን መቅረት አልቻለም። ከአዲስ አበባ በወዳጁ በኩል አራት የአሉሚኒየም ቸርኬ አስመጣ። አምስት ጣት እንደ ኮከብ የተዘረጋባቸው፣ ፊት የሚያሳዩ ነበሩ። እኔ በጨርቅ እየወለወልኩ ፀጉሬን እዚያው አየሁበት። ብረቶቹ ወልቀው ጓሮ ተከመሩ።

ሐሙስ

ጠዋት አባቴ ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ ከመኪናው አወረደው። ስኮርታው ከኋላ ከጭነቱ ጋር ቆሞ ስለሚታይ ነው።

«ይሄን ዝገት ጭኜ ሞጣ አልገባም» አለ።

ያለ ስኮርታ እንዴት ልንሄድ ነው ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ። ደስታ አፍ ይዘጋል።

ከምሳ በኋላ ወጣን። ከኋላ አንድ ሙክት በግ፣ ማር፣ ቅቤና አንድ ጆንያ ነጭ ጤፍ ጭነናል። ከብቸና ስንወጣ ማሳው ሁሉ ሊያሸት የደረሰ ጤፍ ነው፤ ነፋሱ ሲነካው ግራና ቀኝ ይተኛል። እውነቱን ለመናገር መኪናዋ አምሮባት ነበር። በብረቱ ጊዜ ኮረኮንቹ ላይ እንደ ባዶ ምሳ ዕቃ ትንኳኳለች፤ አሁን ግን ቀለል ብላ ትሄዳለች። አባቴ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ «አየሽ፣ ክብደቱ ስለቀነሰ እኮ ነው» ይለኛል። በየመንደሩ ልጆች ቆመው ጎማውን ሲያዩ እኔ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ወደፊት እመለከታለሁ፤ እንደ ለመደው ሰው።

ደብረ ወርቅ አደርን። ያሳደሩን የአባቴ የድሮ ጓደኛ ጋሽ ታከለ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ቢተዉም የሾፌርነት አመላቸው አልተዋቸውም። ገና ሰላምታው ሳያልቅ መኪናዋን ዞሯት። ቸርኬውን በጣታቸው ቆረቆሩት። ድምፁ ጧ አለ፤ እንደ እንጨት።

«አምሮብሃል» አሉት። «ቀላል ነው፣ ፍሬን ቶሎ አያግልም፣ አይዝግም። አስፋልት ላይ ይሄን የሚያህል የለም።»

«ታዲያስ» አለ አባቴ ደስ ብሎት።

«ታዲያማ አስፋልቱ የት አለ? ሙላት፣ ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ መትተህ ታቃናዋለህ። ይሄ ሲመታ ይሰነጠቃል። መጉበጥን አያውቅበትም።»

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

«ስኮርታህስ?»

አባቴ ወደኔ ተመለከተ። እኔ ወደ በጉ ተመለከትኩ።

«ሞጣ ቅርብ ነው» አለ።

ጋሽ ታከለ ወደ ቤት አስገቡን። ባለቤታቸው እራት ላይ አባቴን ሁለት ጊዜ፣ እኔን ሦስት ጊዜ አጎረሱን። እንጀራቸው ከኛ ቤት እንጀራ ጠቆር ይላል፤ ወጡ ደግሞ ከኛ ይበልጣል። ይሄን እናቴ እንዳታነብብኝ። የተኛሁበት መደብ የእናኑንና የኔን መደብ ይመስላል። ወደ ግድግዳው የምተኛው እኔ ነበርኩ፣ እሷ ወደ ዳር፤ እንዳልወድቅ። ያን ሌሊት ባዶውን ዳር ይዤ ተኛሁ።

ዓርብ

ጉንደ ወይን ሳንደርስ አንድ ቁልቁለት አለ፤ ከሥሩ ክረምት የቦረቦረው ደረቅ ፈፋ መንገዱን ያቋርጠዋል። አባቴ በጣም ቀስ ብሎ ነው የነዳው። ድንጋዩም ትልቅ አልነበረም፤ የብረት ጊዜ ቢሆን ረግመነው እናልፍ ነበር። ቀው አለ፤ ቀጥሎም የፊቱ ቀኝ ጎማ ፊሽ ብሎ ተኛ። ወርደን ስናየው ከአምስቱ ጣት አንደኛው ሥር እስከ ጠርዙ ድረስ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች።

አባቴ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ብዙ ጊዜ አልተነሳም። እኔ ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። ዛሬ ዓርብ፤ ነገ ቅዳሜ፤ እሑድ በማለዳ ቄሱ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» ይላሉ። እኔ ካልደረስኩ ልጂቱ አትቀርም፤ ሌላ ሰው ያነሳታል። እናኑም ምንም አትለኝም፤ እሷ ምንም ሳትል ስትቀር ነው እኔ የምፈራው።

ከባሕር ዛፉ ጀርባ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መጡ። አያ ቢራራ ይባላሉ፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው።

«እንደምን ዋላችሁ። አይዟችሁ፤ ይሄ ፈፋ የማያውቀው መኪና የለም» አሉ። ጎማውን ጎንበስ ብለው አዩና «እንዲህ የሚያምር ነገር ግን ሰብሮ አያውቅም ነበር።»

አባቴ ጎማውን ፈትቶ በሚያልፍ የጭነት መኪና ተጭኖ ጉንደ ወይን ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ። እኔን አያ ቢራራ ዛፍ ጥላ ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ለበጉ ሣር አጭደው፣ ለኔ የሽምብራ ቆሎ በእፍኛቸው አመጡልኝ። ዓርብ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ የለኝም እያሉ ይቅርታ ጠየቁኝ። የኛ አገር ቆሎ እንዲህ ለስላሳ አይደለም፤ ጥርስ ይፈትናል። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ማን ክርስትና እንደሚነሳ፣ በጉ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቁኝና ፀሐዩን አይተው ተነሱ።

«ልጆቹን ልልቀቅ፤ ቁጭ በይ» አሉኝ።

ትንሽ ቆይቶ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፦ ጥን፣ ጥን፣ ጥን።

ቆሎው ከእጄ ወደቀ። ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ተነስቼ ሮጥኩ። እግሬ ምሳ የደረሰ መስሎት ነው። ስደርስ ልጆች ደብተራቸውን እያወዛወዙ ይወጣሉ፤ አያ ቢራራ ከወይራ ዛፍ ሥር ቆመዋል፤ ከዛፉ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ደወል የብረት ቸርኬ ነበር። የዛገ፣ የሚመታበት ቦታ ብቻ የሚያበራ። የብሎኑን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ። ስድስት። የኛም ስድስት ነው።

አባቴ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ጎማውን ሲያወርድ ፊቱን አይቼ አወቅሁ።

«ጎሚስታው ምን አለ?»

«ብረት ቢሆን ሦስት ጊዜ በመዶሻ ብዬ እሰጥህ ነበር አለኝ። አሉሚኒየም የሚበይድ ባሕር ዳር ካልሆነ የለም። የሚሸጥ ቸርኬም አጣሁ።»

«አባዬ፣ አንድ አለ።»

እጁን ይዤ ወደ ወይራው ወሰድኩት። ደወሉን አየው፣ ጠጋ ብሎ በስንዝሩ ለካው፣ ቀዳዳዎቹን ቆጠረ። ልኩ ነው። ከዚያ ግን እጁን ሰበሰበ።

«የትምህርት ቤት ደወል አስሬ እነሱ በር ላይ ልቁም?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በዛገው ዘፈኑብኝ። በዚህማ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ግጥም ይወጣዋል።»

«የልጅ ልጅህ እኮ ናት ክርስትና የምትነሳው።»

«አንቺ አልሰማሽም ያኔ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩት። «ሰባት ዓመት ሙሉ ስሰማው ነበር። አንተ ቤት ቁጭ ባልክ ቁጥር እሰማዋለሁ።»

እንዲህ ብዬ ለአባቴ ተናግሬ አላውቅም። አያ ቢራራ እንዳልሰማ ሰው በበትራቸው መሬት ይቆረቁሩ ነበር። አባቴ ሰንሰለቱን ያዘ።

«አያ ቢራራ፣ ቢያውሱን?» አለ በመጨረሻ።

«እኔማ አሁን ባወረድኩት። የመንግሥት ንብረት ነውና ርዕሰ መምህሩ ይፍቀዱ እንጂ።»

ርዕሰ መምህሩ ወጣት ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ላለመሳቅ ጢማቸውን ያዙ፤ ግን ሕጉን አልዘለሉም። ወረቀት አውጥተው «አንድ ደወል፣ በውሰት፣ ለክርስትና» ብለው ጻፉና አባቴን አስፈረሙት። ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ስለሌለ ደወሉ ያርፋል፤ ሰኞ ጠዋት ግን ከመግቢያ ሰዓት በፊት ቦታው መገኘት አለበት። የተሰነጠቀው አሉሚኒየም መያዣ ሆኖ ቀረ። ጎማው እንደወለቀለት አያ ቢራራ ሰንሰለቱ ላይ ሰቅለው በብረት ቢመቱት ጧ አለ። «ይሄስ ዶሮም አያስነሳ» አሉ።

አባቴ ያወለቀውን ጎማ፣ በውስጡ ካላመዳሪ፣ አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ፣ አድርጎ ደወሉን አለበሰው። አሮጌዎቹ የብሎን ዳዶዎች ደግነቱ ወንበሩ ሥር ተረስተው ነበር፤ የአሉሚኒየሙ ለብረት አይሆንም። በእጅ ፖምፕ እየተፈራረቅን ነፋነው፤ ርዕሰ መምህሩ እንኳ ኮታቸውን አውልቀው ተራቸውን ነፉ። ሲያልቅ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር፤ አያ ቢራራ በዚህ ሰዓት አትሄዱም ብለው ቤታቸው ወሰዱን። ሽሮ በላን። ሚስታቸው በሕይወት የሉም፤ ሽሮውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ከብቸና ወንዶች አንድም ሰው ሽሮ ሲሠራ ስላላየሁ ለእናቴ የምነግራት ነገር አገኘሁ።

ቅዳሜ

ከጉንደ ወይን ወደ ሞጣ ጉዞ ቀጠልን። መኪናዋ ከሦስት በኩል ዝም ብላ፣ ከአንድ በኩል እያንኳኳች ትሄዳለች። እኔን ግን ያ የሚንኳኳው ወገን አገሬን አስታወሰኝ።

ሞጣ ከቀትር በፊት ገባን። ከተማው ከኛ ሰፋ ይላል፤ ነፋሱም ከኛ ነፋስ ይለዘባል። የእናኑ አማት እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ያን ግጥም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች ድንች ሲልጡ ቆይተው ቢላዋ እንደያዙ ወጡ። እትዬ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ያዩት አባቴን አይደለም፤ ጎማውን ነው። አንዱን አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ ሦስተኛውን አዩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

አባቴ ከመኪናው ወርዶ በሩን ዘጋ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይዝፈኑብኝ» አላቸው። «ዘንድሮ የትምህርት ቤት ደወል ይዤ ነው የመጣሁ።»

እሳቸው እጁን ያዙትና ወደ ቤቱ ጎትተው አገቡት፤ እኔም ተከተልኩ። መሃል ቤት አቁመው ወደ ላይ አመለከቱት።

«እስቲ እየው። ምን ይታይሃል?»

«ጣሪያ።»

«አዲስ ቆርቆሮ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት የእናንተ ሴቶች ምን ብለው እንደዘፈኑብኝ ታስታውሳለህ?»

አባቴ አያስታውስም። እኔ ግን ትዝ አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከሁሉም አብልጬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ጣሪያቸው ያፈሳል፣ ሙሽራችን ዝናብ ላይ ልታድር ነው ብለን ነበር። ጣሪያቸው እውነትም ያፈስ ነበር።

«ሙላት ሲመጣ ቀና ብሎ ያያል እያልኩ ነው ያስለወጥኩት» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «አንተ ደግሞ አልመጣ አልክ።»

«እኔማ ቸርኬ ስፈልግ ነው» አለ አባቴ።

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ምክንያቱም ያኔ እናኑ ከጓዳ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ ከኋላዋ እናቴ። ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሌላ ነገር ሁሉ አላስታውስም።

እሑድ

በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» ሲሉ፣ እኔ ነኝ ያልኩበት ድምፅ የኔ አይመስልም። ልጂቱን በነጭ ጨርቅ ተቀበልኩ፤ ማዕተቧ አንገቷ ላይ ሲታሰር ጣቴን ያዘችኝ። ክብደቷ ምንም አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ክንዴ ውስጥ ቀረ።

ግብዣው ላይ እትዬ ጥሩወርቅ አዲስ ግጥም አወጡ፦

ሦስቱ እያበራለት፣ አንዱ እየደወለ፣
ሙላት ከብቸና፣ ደረስኩላችሁ አለ።

አባቴ ተነስቶ ተቀበለ። ያኛውንም አሮጌውን ግጥም ራሱ አነሳው፤ ሴቶቹ አፍረው እስኪለምኑት ድረስ ደጋገመው።

ማታ ከመሆኑ በፊት የእናኑ ባል ከአንድ ወዳጁ ግቢ አንድ የብረት ቸርኬ ፈልጎ አመጣልን፤ የደወሉ ምትክ። ወንዶቹ ደወሉን ፈትተው ግድግዳ ላይ ሲያስደግፉት እናኑ ወጣች። አየችው፣ ድንጋይ አነሳች፣ ሦስት ጊዜ መታችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ የምሮጥበት ቦታ የለም።

«ገባሁ» አልኳት።

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። እናቴ ገና ከአራሷ ጋር ቆየች። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ አያ ቢራራ ከወይራው ሥር ቆመው ወደ መንገዱ ያዩ ነበር፤ ልጆች ደግሞ ሳይጠሩ መጥተው ደወሉን ለማየት ተሰልፈዋል። አባቴ ሰቀለው፤ አያ ቢራራም መምቻውን ብረት ለኔ ሰጡኝ። ስንጥቁን ቸርኬ ግን አልመለሱም። «ለእንስራዬ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ልክክ ብሎ ነው የተቀመጠ» አሉ።

የቀሩትን ሦስቱን አባቴ ብቸና ሲደርስ አውልቆ በጨርቅ ጠቀለላቸው። «ላንቺ ሰርግ ነው» ይላል። መኪናዋ አሁን በድሮዎቹ ብረቶች ትንኳኳለች፤ ስኮርታውም ወደ ቦታው ተመልሷል። ዓባይ ላይ የጎበጠው ፊት በቀኝ በኩል ነው፤ ሳየው ደስ ይለኛል።

ስንለያይ አያ ቢራራ አንድ መልእክት ሰጥተውኛል፤ ለናንተ ነው። ከደብረ ወርቅ ወደ ጉንደ ወይን የሚያልፍ ሰው፣ ከቁልቁለቱ ሥር ፈፋውን ከተሻገረ በኋላ በባሕር ዛፉ በኩል ይግባ፤ ቆሎ አለ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለ፤ ሰዓቱ ከደረሰም ደወሉን መትቶ ልጆቹን ይልቀቅ። ስኮርታ ረስታችሁ ከወጣችሁም አትደንግጡ። ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሥራ የለውም።